ውድድሩ ከጅምላው ይጀምር

 በዚህ አዳራሽ ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ የምጣኔ ሀብት መምህር አለ፣ ተማሪም አለ። ከሥራ መልስ ሽንኩርትና ዘይት ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ግን ሁሉም ነው። ስለዚህ የዛሬው ርዕስ ለማናችሁም ባዕድ አይደለም።

ከመድረኩ አዘጋጆች የመጣው ጥያቄ አጭር ነው፦ አስቤዛ በሚሸጡ ነጋዴዎች መካከል ያለው ፉክክር እንዲጠነክር ከሕጉና ከአሠራሩ ውስጥ ምን ይነሣ? ይህ ዲስኩር መልሱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ማስረጃውን ከዚያ በኋላ ያቀርባል። አብዛኛው የከተማ ነዋሪ አስቤዛውን የሚሸምተው ከሰፈር ሱቅና ከጉልት ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ ደግሞ ዋጋውን ከራሱ አያወጣውም፤ ዕቃውን ካነሣበት ከጅምላ ነጋዴው ይዞት ይመጣል። ጅምላው በጥቂት እጆች ከተያዘ፣ በአንድ ሰፈር ሃያ ሱቅ ቢደረደርም ሃያዎቹ የሚሸጡት ያንኑ ዋጋ ነው። ስለዚህ መሰናክል የማንሣቱ ሥራ ከጅምላው ይጀምር።

ነገሩ በአራት ነጥቦች ይቀርባል። አንደኛው ከራሳችን ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ዋጋን በትእዛዝ ለማውረድ የተደረገውን ሙከራ ይመለከታል። ሦስተኛው ሌሎች አገሮች ያነሡትን መሰናክልና ያገኙትን ውጤት ይዳስሳል። አራተኛውና ረጅሙ ዛሬ እዚህ አገር ምን ቢደረግ ይበጃል የሚለው ነው።

ከአንደኛው እንጀምር።

በደርግ ዘመን ከተማ የኖራችሁ የቀበሌውን ሱቅ ሰልፍ አትረሱትም። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በኩፖን ይታደሉ ነበር። የእህሉን ንግድ ደግሞ የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ይመራው ነበር። ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ ያስረክባል። የእህል ነጋዴውም ከጫነው ላይ የተወሰነውን ለድርጅቱ ካላስረከበ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ማለፍ አይችልም። ጎጃምንና አርሲን በመሰሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች የግል እህል ንግድ ጨርሶ የታገደበት ጊዜም ነበር። ደንቡን የሚያስፈጽመው በየመንገዱ የቆመው ኬላ ነው። እህል በበዛበት አካባቢ ገበሬው ገዢ አጥቶ በርካሽ ሲያስረክብ፣ እህል ባነሰበት ከተማ ሸማቹ በውድ ይገዛል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታውም የእህል ዝውውር ገደቡም ተነሡ።  የተለወጠው እህል ጭኖ መሄድ የሚችለው ማን ነው የሚለው ደንብ ነው። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ደርኮን የጤፍ ዋጋን ከገበያ ገበያ እያነጻጸሩ ባጠኑት ጥናት፣ ከለውጡ በኋላ ገበያዎቹ በረጅም ጊዜ ከቀድሞው ይበልጥ እንደተሳሰሩ አሳይተዋል። የጦርነቱ ማብቃትም ድርሻ ነበረው፤ ያን መካድ አይገባም። ያም ሆኖ አንድ ነገር በግልጽ ታይቷል። ለመጫን የተከለከለው ሰው ሲፈቀድለት ይጭናል፤ ብዙ ሰው ሲጭን ደግሞ የአንዱ ከተማ ዋጋ ከሌላው ርቆ መቆየት አይችልም።

ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህች አገር የምግብ ገበያ መሰናክል ማንሣት ከውጭ የመጣ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እኛው ሞክረነዋል፤ ውጤቱንም እኛው አይተነዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ዋጋን በትእዛዝ ስለማውረድ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በገና ሰሞን ንግድ ሚኒስቴር ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ቢራና ለስላሳ መጠጥ ጨምሮ 17 በሚሆኑ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዓላማው ቅን ነበር፤ የኑሮ ውድነት ሕዝቡን አስጨንቆት ነበርና። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የተተመነላቸው ሸቀጦች ከመደርደሪያ ላይ መጥፋት ጀመሩ። ስኳርና ዘይት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የተንከራተታችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ነጋዴው የሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚተካበት ዋጋ ከጣሪያው በላይ ከሆነ፣ በሸጠ ቁጥር ካፒታሉ ይመናመናል። ስለዚህ ሕግ አክባሪው መሸጡን ያቆማል፤ ሕግ የማያከብረው በጓሮ በር ይሸጣል። ትእዛዙ ቅጣቱን ያሳረፈው ሊጠብቀው ይገባ በነበረው ነጋዴ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በቅርቡም ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያለአግባብ ዋጋ ጨምራችኋል ተብለው በርካታ ሱቆች ታሸጉ። ያለምክንያት ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ግን አንድ ሱቅ ሲታሸግ የሰፈሩ ሸማች አማራጭ በአንድ ይቀንሳል። ያልታሸገው ባለሱቅ ደግሞ ከጎኑ የሚፎካከረው ሰው ጎደለለት። ቅጣቱ ፉክክሩን ጨመረው ወይስ ቀነሰው? ማንኛውም እርምጃ ከመወሰዱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዙ ሙከራዎችም አሉ። በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው መንግሥታዊው አለ በጅምላ ችግሩ ጅምላው ላይ መሆኑን በትክክል ተረድቶ ነው የተነሣው። የጎደለው፣ መንግሥት ራሱ አንድ ተጨማሪ ጅምላ ሻጭ ሲሆን ሌሎች ብዙዎች እንዲገቡ የሚያደርግ ሥራ አብሮ አለመሠራቱ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የእሁድ ገበያም ጥሩ ምሳሌ ነው። የገበሬዎች ዩኒየኖችና ፋብሪካዎች መንገድ ዳር ቆመው በቀጥታ ለሸማቹ ይሸጣሉ። ዋጋው ከሱቁ ሲቀንስ ተአምር አልተሠራም። የሱቅ ኪራዩና በመካከል ያለው የደላላ እጅ ስለተቀነሰ ነው። የእሁድ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን መሰናክል ሲነሣ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሌሎቹ ስድስት ቀናትስ?

ሦስተኛው ነጥብ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ነው። ሦስት አገሮች ይበቁናል።

ኒውዚላንድ አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ሀብታም አገር ናት። የአስቤዛ ገበያዋን በዋናነት የያዙት ፉድስታፍስና ዉልወርዝስ የተባሉ ሁለት ቡድኖች ናቸው። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ገበያውን አጥንቶ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ፉክክሩ ደካማ መሆኑን ይፋ አደረገ። መንግሥቱም ሱፐርማርኬቶቹ በቀን አንድ ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገደማ ከመጠን ያለፈ ትርፍ እያገኙ ነው አለ። ከጥናቱ ግኝቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ስለ ቦታ የተጻፈው ነው። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች መሬት ሲሸጡ ወይም ቤት ሲከራዩ “በዚህ ቦታ ሌላ ሱፐርማርኬት አይከፈትም” የሚል ግዴታ በውሉ ውስጥ ያስገቡ ነበር። እንዲህ ያሉ ከ90 በላይ የመሬት ግዴታዎች ተገኙ። ተፎካካሪ ሊመጣ የሚችልበት መሬት አስቀድሞ በውል ታስሮ ነበር።

ፓርላማው በዚያው ዓመት እነዚህን ግዴታዎች በሕግ ከለከለ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አደረገ። አንደኛ፣ ትልልቆቹ ለሌሎች ቸርቻሪዎች በጅምላ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት ዘረጋ። ሁለተኛ፣ ይህን ገበያ ብቻ የሚከታተል የአስቤዛ ኮሚሽነር አቆመ። ኒውዚላንዳውያን ሦስት ጉዳዮችን ለይተው እንደያዙ ልብ በሉ፦ ቦታ፣ ጅምላ እና ጠባቂ። እነዚህ ሦስቱ ስለ ራሳችን ስንነጋገር ተመልሰው ይመጣሉ።

ፈረንሳይ ተቃራኒውን መንገድ ሄዳ ዋጋውን ከፍላለች። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የሯዬ ሕግ ከተወሰነ ስፋት በላይ የሆነ መደብር ለመክፈት የአካባቢ ኮሚሽን ፈቃድ እንዲያስፈልግ አደረገ። በኮሚሽኑ ውስጥ የአካባቢው ነጋዴዎች ተወካዮች ተቀምጠው ነበር፤ ማለትም አዲስ ተፎካካሪ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ነባሮቹ ድምፅ ነበራቸው። ሕጉ የወጣው ትንንሽ ሱቆችን ለመጠበቅ ነው። ቆይተው የተሠሩ ጥናቶች ግን በችርቻሮው ዘርፍ ሊፈጠር ይችል የነበረውን ሥራ እንዳስቀረ አሳይተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የፈቃዱ ገደብ እንዲላላ ተደረገ።

ሦስተኛዋ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። የኬንያ ትልቁ ሱፐርማርኬት የነበረው ናኩማት የአቅራቢዎቹን ዕዳ መክፈል አቅቶት ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተንኮታኮተ። ዕቃቸውን በዱቤ የሰጡ አምራቾች ገንዘባቸውን አጡ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. ካርፉር የተባለው የውጭ ሱፐርማርኬት ናይሮቢ ገብቶ ነበር፤ ናይቫስን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ከእርሱ ጎን አደጉ። ኬንያ በሯን መክፈቷ ለሸማቹ አማራጭ ፈጠረ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን የካርፉርን መደብሮች የሚያስተዳድረውን ኩባንያ በአቅራቢዎች ላይ የገዢነት ጉልበቱን ያለአግባብ ተጠቅሟል ብሎ 1.1 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ቀጣው። የኬንያ ትምህርት ሁለት ገጽ አለው፦ በሩን ክፈት፤ የገባውንም በሕግ ያዝ።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥብ እንለፍ። እዚህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የተደረገውን እናመስግን። በኢትዮጵያ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተከለለ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ ያወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ይህን ለወጠ። ከማዳበሪያ በስተቀር የጅምላ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ክፍት አደረገ። ችርቻሮውንም በተወሰኑ መስፈርቶች ፈቀደ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን በር መከፈቱና ፉክክር መጨመሩ አንድ አይደሉም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ካርፉር ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመጣ ተነገረ። ስምምነቱ በሚድሮክ ሥር ካለው ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር የተደረገ የፍራንቻይዝ ስምምነት ነው። የተሻለ አሠራርና አቅርቦት ይዞ ከመጣ እሰየው። ሸማቹ ግን መቁጠር ያለበት በከተማው ያሉትን ተፎካካሪዎች ብዛት ነው። ነባር ሱቅ ስሙን ሲቀይር ቁጥሩ አይጨምርም። ስለዚህ ዓይናችንን ከሱፐርማርኬቱ መስታወት አንሥተን ዕቃው ከወደብና ከእርሻ እስከ ሰፈር ሱቅ የሚጓዝበትን መንገድ እንይ። በዚያ መንገድ ላይ አምስት መሰናክሎች አሉ።

የመጀመሪያው ማስመጣት ነው። ዘይት፣ ሩዝና ስኳር በብዛት ከውጭ ይገባሉ። የውጭ ምንዛሪ በባንክ ወረፋ በሚታደልበት ዘመን ፉክክሩ ያለቀው ዶላሩን ማን አገኘ በሚለው ላይ ነበር። ያገኙት ጥቂቶች ጅምላውን ያዙት። የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ መለቀቁ ዋጋን ከፍ ማድረጉ አይካድም፤ ሸማቹም ተጎድቷል። አሁን ጉዳቱን የሚያካክሰው ብዙ አዲስ አስመጪዎች መግባት ከቻሉ ብቻ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው ነጋዴ በባንክም በጉምሩክም ከትልቁ እኩል ይስተናገድ።

ሁለተኛው ኬላ ነው። በ1982 ዓ.ም. የተነሣው ኬላ በሌላ መልክ ተመልሶ እንደመጣ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ነጋዴዎች ያማርራሉ። በየወረዳው የሚጠየቀው ቀረጥ፣ የሚያዘው መኪና፣ “ይህ ምርት ከዚህ አይወጣም” የሚባለው ክልከላ ሁሉ መጨረሻ ላይ በጤፉና በቲማቲሙ ዋጋ ላይ ይደመራል። ቲማቲም ደግሞ አይጠብቅም፤ ኬላ ላይ ያደረ ቲማቲም ገበያ ሲደርስ ከፊሉ ይጣላል። አንድ አገር አንድ ገበያ ካልሆነ በአዲስ አበባ ምንም ያህል ሱቅ ቢከፈት ፋይዳው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ነው። የከተማ መሬት የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ የሚገኘውም በሊዝ ነው። ጅምላ ነጋዴ ሰፊ መጋዘን፣ ለከባድ መኪና መቆሚያና ለአትክልት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። አሁን ጅምላው በአብዛኛው በመርካቶና በዙሪያው ተፋፍጎ ይገኛል። አትክልት ተራ በኮቪድ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩን ታስታውሳላችሁ። ያ ዝውውር አንድ ነገር አሳየ፦ አንድ ትልቅ ጅምላ ገበያ ሲዛወር የከተማው ሁሉ አስቤዛ ይናጋል፤ አማራጭ የለምና። ከተማው በአራቱም አቅጣጫ ብዙ ጅምላ ገበያዎች ያስፈልጉታል። ቦታዎቹም በግልጽ ጨረታ ለብዙ ነጋዴዎች ይሰጡ እንጂ ለአንድ ድርጅት ተጠቃለው አይያዙ። ኒውዚላንድ ዘግይታ የፈታችውን ቋጠሮ እኛ ከመጀመሪያው አንቋጥረው።

አራተኛው ፈቃድ ነው። የዓለም ባንክ የንግድ ሥራ ምቹነትን ይለካበት የነበረው ሪፖርት፣ በመጨረሻው የ2020 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ኢትዮጵያን ከ190 አገሮች 159ኛ አድርጓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገልግሎት በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ ይህ ይመሰገናል። ሆኖም የሰፈር ባለሱቅ አሁንም ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባለው የእድሳት ወቅት ከግብር ክሊራንስ እስከ ንግድ ቢሮ መመላለሱን ያውቀዋል። ትልቁ ድርጅት ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሯል። ባለሱቁ ግን ሱቁን ዘግቶ ነው የሚሄደው። አንድ ዓይነት ደንብ በሁለቱ ላይ የሚጥለው ሸክም እኩል አይደለም። የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር ይጥበቅ፤ የጤና ጉዳይ ነው። ለጤናም ለግብርም የማይጠቅም ወረቀት ግን ይቅር።

አምስተኛው ጠባቂው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑና የገበያ የበላይነታቸውን ያለአግባብ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ይህን የሚያስፈጽም ራሱን የቻለ ባለሥልጣንም ነበረ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ግን ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ሚኒስቴሩ ፈቃድ ይሰጣል፣ ዋጋ ይከታተላል፣ አቅርቦት ያመቻቻል። በዚህ ሁሉ ላይ ውድድርን የመዳኘት ሥራ ሲጨመርበት፣ ዳኝነቱ በዕለት ተዕለቱ ጥድፊያ ሥር ይቀበራል። ውድድርን የሚዳኘው አካል ራሱን የቻለ፣ በጀት ያለው፣ ውሳኔውን ለሕዝብ የሚያትም መሆን አለበት። ኬንያ ትልቁን ኩባንያ መቅጣት የቻለችው እንዲህ ያለ ተቋም ስላላት ነው።

ከአዳራሹ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ ይታወቃል፦ የሰፈሩ ባለሱቅስ? በቤተሰቡ ጉልበት የሚሠራው፣ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ መዝገብ የሚሰጠው ሰውስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቅንነት መመለስም አለበት። በሜክሲኮ የውጭ ሱፐርማርኬቶች ሲገቡ ምን እንደሆነ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች፣ የሸማቹ የኑሮ ወጪ በተጨባጭ ቀነሰ ብለዋል፤ ጥቅሙ በአማካይ ከቤተሰብ ገቢ 6 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ጥናት የባህላዊ ሱቆች ባለቤቶች ትርፍ እንደቀነሰም ታይቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መደበቅ አይገባም።

ለዚህ ነው ይህ ዲስኩር ጅምላውን ደጋግሞ የሚያነሣው። መክፈቱ ከችርቻሮው ከጀመረ የመጀመሪያው ተጎጂ ባለሱቁ ነው። ከጅምላው ከጀመረ ግን የመጀመሪያው ተጠቃሚ እርሱው ይሆናል። ዛሬ ባለሱቁ አንድ ካርቶን ዘይት ለማንሣት ሁለት ሦስት አከፋፋይ ብቻ ካለው፣ የተባለውን ይከፍላል። ነገ አሥር ቢኖሩት ይከራከራል፣ ያወዳድራል፣ ዱቤ ይጠይቃል። የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ ጅምላ ነጋዴ ለትንሹ ሱቅም ለትልቁ ሱፐርማርኬትም ባልተለያየ ሚዛን እንዲሸጥ የሚያስገድድ ደንብ አብሮ ይውጣ። ባለሱቆቹም በማኅበር ተደራጅተው በጋራ እንዲገዙ ይፈቀድላቸው፤ ይበረታቱም። ያኔ ከሱፐርማርኬቱ ጋር የሚፎካከሩት በቅርበታቸው፣ በትውውቃቸውና በዱቤያቸው ብቻ ሳይሆን በዋጋም ይሆናል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገሮች በእጃችሁ አሉ። የመንግሥት ኃላፊዎች፣ አዲስ መመሪያ ወደ ፊርማ ከመሄዱ በፊት “ይህ የተፎካካሪውን ቁጥር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?” የሚለው ጥያቄ በሰነዱ ላይ በጽሑፍ ይመለስ። ነጋዴዎች፣ በኬላ፣ በውል ወይም በስምምነት ከገበያ ስትገፉ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ በደል ለዳኛ አይቀርብም። መምህራንና ተማሪዎች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ በመርካቶ ጅምላ፣ በሰፈር ሱቅ፣ በሱፐርማርኬትና በእሁድ ገበያ ስንት እንደሆነ እየመዘገባችሁ አሳትሙ። የዋጋው ልዩነት የት ላይ እንደሚፈጠር ሲታይ የትኛው መሰናክል ቀድሞ እንደሚነሣ መከራከሩ ይቀላል።

 መድረኩ አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው፤ ከባለሱቆቹ ይጀመር።